በኢንተርኔት የሚነገር የቡና ስም፤ ወጪውና ጥቅሙ ሲመዘን

ቡና አምራች ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ዩኒየኖቻቸው አማካይነት ምርታቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ አገር መላክ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። የኦሮሚያው ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው ደግሞ በ2002 ተቋቁመዋል። ቡናን በጥሬው መሸጥ ብቻ ሳይሆን ቆልቶና አሽጎ በራስ ስም የመሸጥ ሐሳብ ሲነሣ፣ ስሙን ለገዢው የማሳወቅ ጉዳይ አብሮ ይነሣል። በመሆኑም «ስማችሁን በኢንተርኔት እናስተዋውቅላችሁ» የሚል ነጋዴ የዩኒየኑን ወይም የማኅበሩን በር ማንኳኳቱ የሚጠበቅ ነው። የሚጠይቀው ገንዘብ ለአባላት ሊከፋፈል ከሚችለው ትርፍ ላይ የሚነሣ ስለሆነ፣ የማኅበር መሪዎች ነገሩን ከሥሩ ማወቃቸው ተገቢ ነው።

የኢንተርኔት ማስታወቂያ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ዕቃውን ዛሬ ለሚፈልግ ሰው የሚቀርብ ነው። ሁለተኛው ግን ገዢው ነገ ወይም ከዓመት በኋላ ገበያ ሲወጣ ስሙን እንዲያስታውስ ታስቦ የሚነገር ነው። አስቸጋሪው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ገንዘቡ ዛሬ ይወጣል፣ ውጤቱ ግን ዛሬ አይታይም።

ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው «ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ታየ» ተብሎ ነው። እዚህ ላይ «ታየ» የሚለው ቃል መመርመር ይኖርበታል። በአሜሪካ የማስታወቂያ ልኬትን የሚቆጣጠረው አካል ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከሥዕሉ ግማሹ ለአንድ ሰከንድ በስልኩ መስኮት ላይ ከወጣ እንደታየ ይቆጠራል። ተንቀሳቃሽ ፊልም ከሆነ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ይሁንና በአውቶቡስ የሚጓዝ ገበሬ ከመንገዱ ዳር ያለው ማሳ ጤፍ ይሁን ስንዴ ለመለየት እንኳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

አሪየል የተባለውን የልብስ ሳሙናና ፓምፐርስን የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በዓለም ላይ ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ከሚያወጡት አንዱ ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከኢንተርኔት ማስታወቂያው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ። ለመቀነሱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ማስታወቂያውን «ከሚያዩት» መካከል ሰው ሳይሆኑ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀሱ አስመሳዮች መገኘታቸው ነበር። ገንዘቡ ቢቀነስም በሽያጩ እድገት ላይ ጉዳት አለመድረሱን ኩባንያው ራሱ ገልጿል።

ገንዘቡስ በመንገድ ላይ ምን ይሆናል? የቡና ገበሬ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ቀይ እሸት ከጓሮው ወጥቶ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ሰብሳቢውም፣ አቅራቢውም፣ ላኪውም የየድርሻቸውን ሲያነሡ ኖረዋል። የማስታወቂያው ገበያም ደላላ የበዛበት ነው። የአሜሪካ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒዩተር ጨረታ ለሚገዛ ማስታወቂያ ከሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር ውስጥ በትክክል ተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው 36 ሳንቲሙ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከገንዘቡ 15 ከመቶው ደግሞ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ብቻ ተብለው በተሠሩ፣ አንባቢ ፈልጎ በማይሄድባቸው ገጾች ላይ ይፈስስ ነበር። በአማካይ የአንድ ኩባንያ አንድ ዘመቻ በ44 ሺህ ገጾች ላይ ተበትኖ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ተከታትሎ የሚያይ የሒሳብ ሹም ከየት ይገኛል?

እንግዲህ ማስታወቂያው ጥቅም መስጠት አለመስጠቱ የሚታወቀው እንዴት ነው? የማዳበሪያን ጥቅም ለማሳየት በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ የሚደረገው እዚህም ይሠራል። ከማሳው ግማሹ ማዳበሪያ ያገኛል፣ ግማሹ አያገኝም፤ ምርቱም ጎን ለጎን ይመዘናል። እንዲህ ካልተደረገ ዝናቡ ያመጣውን ምርት ማዳበሪያው አመጣው ማለት ይመጣል።

ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሰዎች «ኢቤይ» ብለው በመፈለጊያ ሲጽፉ ስሙ ከላይ እንዲወጣለት ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንዳንዶቹ መፈለጊያዎች ክፍያውን አቋረጠ፤ ይመጡ ከነበሩት ጎብኚዎች ውስጥ 99.5 ከመቶው ሳይከፈልባቸው በሌላው መስመር መጡ። ኩባንያው ለካ ይከፍል የነበረው በሩን ለሚያውቅ ሰው መንገድ ለማሳየት ኖሯል! ከዚያ ቀጥሎ ሌላውን የመፈለጊያ ማስታወቂያ ከአገሪቱ የገበያ አካባቢዎች 30 ከመቶ በሚሆኑት ውስጥ አቆመ። በዚህኛው ሙከራ የተገኘው ትምህርት ለየት ይላል፤ ደንበኛ የሆነው ሰው ማስታወቂያው ቢቀርበትም መግዛቱን ቀጠለ፤ ኢቤይን በማያውቁትና አልፎ አልፎ በሚገዙት ላይ ግን ማስታወቂያው ውጤት ነበረው።

ስለዚህ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ጨርሶ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ይሆናል። በያሁ ላይ በ1.6 ሚሊዮን ደንበኞች የተደረገ ሌላ ሙከራ የአንድን ሱቅ ሽያጭ በ5 ከመቶ ያህል ከፍ እንዳደረገ ታይቷል። ከጭማሪው 93 ከመቶው በኢንተርኔት ሳይሆን በእግር በሚኬድበት ሱቅ የተገኘ ነበር፤ 78 ከመቶው ደግሞ ማስታወቂያውን አንዴም ካልነኩ ሰዎች ነው። ስለሆነም ማስታወቂያ ሻጩ «ይህን ያህል ሰው ነካው» ብሎ የሚያቀርበው ቁጥር ለጥቅሙም ለጉዳቱም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለአንድ የገበሬ ዩኒየን ችግሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ኢቤይ ሚሊዮን ደንበኞች ስላሉት ግማሹን ከግማሹ ማነጻጸር ይችላል። በአሜሪካ በትላልቅ ሱቆችና የገንዘብ ድርጅቶች የተደረጉ 25 ሙከራዎችን የመረመሩ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ሙከራዎች ለሚሊዮን ሰዎች የደረሱ ሆነው ሳለ ትርፍና ኪሳራውን በእርግጠኝነት ለመለየት አዳጋች ሆኖ አግኝተውታል። ጥቂት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዩኒየን ማስታወቂያው ምን እንዳመጣለት ከሽያጭ መዝገቡ ላይ ነጥሎ ሊያይ አይችልም ማለት ነው። የጥሬ ቡና ገዢ ደግሞ ሕዝብ ሁሉ አይደለም፤ ቁጥሩ ውስን የሆነ ቆይና አስመጪ ነው። እንዲህ ያለውን ገዢ በስሙ ፈልጎ ናሙና መላክ ይቻላል። ዋሽንግተን ውስጥ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የታሸገ ቁሌት ለመሸጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ዕቃው መኖሩን ያልሰማ ሰው ሊገዛው ስለማይችል፣ በከተማና በቋንቋ ተወስኖ የሚወጣ ማስታወቂያ ሊረዳ ይችላል።

ሌላው ጥያቄ የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባመለከተ ጊዜ፣ ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን ምልክት አስቀድሞ አመልክቶበት ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ምዝገባውን ተቃወመ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም በ2007 በስምምነት አለቀ። እነዚህ ስሞች የገነኑት ገበሬው ማስታወቂያ ስለከፈለላቸው አልነበረም። በአንጻሩ አንድ ዩኒየን ዛሬ ገንዘቡን አውጥቶ «ይርጋጨፌ» ብሎ ቢያስተዋውቅ፣ በዚያው ስም የሚሸጠው የግል ላኪ ሳይከፍል ይጠቀማል። ወጪውን በስሙ የሚጠቀሙት ሁሉ ተካፍለው ቢሸፍኑት ይሻላል፤ ይህ ካልሆነ ማኅበሩ ማስተዋወቅ ያለበት የታጠበበትን ጣቢያና የራሱን ስም ነው።

ውል የሚዋዋል ማኅበር ካለ፣ ማስታወቂያው የወጣባቸው ገጾች ዝርዝር እንዲሰጠው፣ የገጹ ቁልፍና የደንበኞች መዝገብ በማኅበሩ እጅ እንዲሆን፣ ክፍያውም በታየበት ብዛት ብቻ ሳይሆን በመጣ የናሙና ጥያቄ ጭምር እንዲመዘን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ማስታወቂያውን በአንድ ከተማ አውጥቶ በሌላው መተውም ቢያንስ ለታሸገው ቁሌት ይሞከራል።

የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ውድድር እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል። ጨረታው የተካሄደው በኢንተርኔት ሲሆን፣ ቡናውን መርጠው ለጨረታው ያቀረቡት ቀማሾች የአምራቹን ስም ሳያውቁ ነበር ነጥብ የሰጡት።