ውስጡን ለቄስ

የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያሳምረው ለእንግዳ ነው ብል ቅር የሚለው አይጠፋም። ይበለው። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ የየራሳችን ሳሎን ነው። ሳሎኑ የጂብሰም ኮርኒስ አለው፤ ኮርኒሱ ውስጥ ሰማያዊና ቀይ የሚቀያየር መብራት አለ፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበት ግድግዳ ደግሞ ለብቻው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል። ከሳሎኑ አልፋችሁ አንድ በር ብትገፉ (ማንም አያስገባችሁም እንጂ) ልጆቹ የሚተኙበትን ክፍል ታገኛላችሁ። እዚያ ቀለሙ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተልጧል፤ ጥጉ ጥቁር ሻጋታ አውጥቷል፤ አልጋው ከግድግዳው ፈቀቅ ያለው ለውበት ሳይሆን ፍራሹ እንዳይረጥብ ነው። አባወራው ይህን ክፍል «ወደፊት እናስተካክለዋለን» ይለዋል። ወደፊት ማለት በእኛ አማርኛ መቼ እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ።

«ሰውዬው ደግሞ ዛሬ ቀለም ላይ ተነሳ» የምትሉኝ ካላችሁ ቀስ በሉ። ቤት ማሳመር ነውር ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በሰፊው ከተጀመረ ወዲህ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፍ ሲረከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው የቤት አጽም ነው። ሥጋና ቆዳ የሚያለብሰው ራሱ ነው። ዕድሜውን በቀበሌ ቤት ወይም በተከራየው አንድ ክፍል ያሳለፈ፣ ሚስማር ለመምታት እንኳ የአከራይ ፊት ሲያይ የኖረ ሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ቀለም ይሻለኛል?» ብሎ ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላል። ያንን ደስታ የምነፍግ ጨካኝ አይደለሁም። እኔ የምጠይቀው ከዕቁቡም ከመሥሪያ ቤት ብድሩም ተለቃቅሞ የመጣው ገንዘብ የማንን ዓይን ለማስደሰት ፈሰሰ ነው።

እስኪ የሳሎኑን ግድግዳ እንላጠው። ከሥር ብሎኬት አለ። ብሎኬቱ ላይ የሲሚንቶ ልስን፣ ልስኑ ላይ ስቱኮ፣ ስቱኮው ላይ ቀለም። እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። አይቆምም። ወትሮ የሕንፃ የውጪ ልብስ የነበረው ኳርትዝ ቀለም፣ ያ ሲነኩት የሚሻክረው፣ አሁን ሳሎን ገብቷል። ኳርትዝ የጠገበ ደግሞ ፎም ይለጥፋል። ፎሙ ምን ይመስላል? ጡብ! ብሎኬቱን በአራት ልብስ ደብቆ ሲያበቃ በላዩ የጡብ ሥዕል ይለጥፋል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ባዶ ሐሳባቸውን በዘይቤ እየጠቀለሉ የሚያመጡልኝ ተማሪዎች ነበሩ። የዚያኔ በቀይ እስክሪብቶ አከብበው ነበር። የሰው ሳሎን ውስጥ ገብቼ ማክበብ አልችልም፤ ቢሆንም እጄን ይበላኛል።

አንድ ቀን የዘመድ ልጅ ቤት ሄጄ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ሆኖ ደረስኩ። ቤቱ ምድር ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። በእጄ ዳበስ ሳደርገው የሚቀባው ግድግዳ ከታች በኩል ቀዝቅዞ ወዝቷል።

«ይሄ እኮ እርጥብ ነው» አልኩት።

«አያስቡ ጋሼ፣ ኳርትዝ ካለበስነው ይዘጋዋል።»

«ውሃው ከየት እንደሚመጣ አይታችኋል?»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም ጋሼ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው የሚያየው።»

የቤቱ እመቤት ከጓዳ ሆና ሰምታን ኖሮ ብቅ አለች። «እኔማ ከልጆቹ ክፍል ጀምሩ ብዬ ነበር ጋሼ። ማን ይስማኝ?» ባልየው ቀበል አድርጎ፣ «ቅዳሜ ክርስትና ነው፤ ሰው የሚቀመጠው እዚህ ነው፤ የልጆቹን ማን ያየዋል?» አለ። እኔ ቀለም ቀቢውን አልፈርድበትም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። «ማን ያየዋል?» የምትለዋ ቃል ግን እስካሁን ታቃጥለኛለች። ልጆቹ ያዩታላ! ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት የሚያድሩት እነሱ አይደሉም እንዴ?

ውሃ ይሉኝታ የለውም። በአንድ በኩል ብትዘጉበት በሌላ በኩል ይወጣል። ወደ ግድግዳ የሚገባበት መንገድ ደግሞ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ወይ ከመሠረቱ አፈር እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይ ከተቀደደ አሸንዳና ከጣሪያ ይወርዳል፤ ወይ ፎቅ ላይ ካለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ሾልኮ ይመጣል። አራተኛም አለ፦ ብርድ እንዳይመታን ብለን መስኮት ዘግተን አምስት ሆነን ስንተኛ፣ እዚያው ውስጥ ስናበስልና ልብስ ስናሰጣ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ሄዶ ያርፋል። ለእነዚህ ለአራቱም ቀለም መድኃኒት አይደለም። ጂብሰም ጭራሽ ውሃ ሲጠጣ ይላላል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስኳር ውሃ ውስጥ ከመክተት ብዙም አይሻልም። ትንፋሽ የማያሳልፍ ቀለም ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብጦ፣ ጨው ተፍቶ፣ ተልጦ ይወርዳል። ያኔ ሰውየው ምን ያደርጋል? ሌላ ቀለም ይገዛል።

አዲስ ልስንም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ሲሚንቶ በቂ ጥንካሬ እስኪይዝና እስኪደርቅ 28 ቀን ገደማ ይጠበቅ ይላል የሙያው ወግ። በእኛ ዘንድ ግን ሰኞ የተለሰነ ሐሙስ ይቀባል፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ድግስ ነው።

አያቶቻችን ቤት እንዲህ አልነበረም ብዬ ልደልላችሁ አልፈልግም። የጭቃ ቤት ትኋን አለው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ምስጥ ባሕር ዛፉን ይበላዋል። ግን የጭቃ ቤት ሠሪ ስለ ግድግዳ የሚያውቀው ነገር ነበረው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ይከርማል፤ ሲብላላ ሽታው ሰፈር ይደርሳል። መጀመሪያ ሻካራው ምርጊት ይገባል፤ እሱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁን የሚደፍነው ሁለተኛው፣ ለስለስ ያለው ይከተላል። በላዩ አቅም ያለው ኖራ ይቀባል። ኖራ ድሃ ቀለም እየተባለ የተናቀ ነገር ነው። እሱ ግን ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይጠነክራል፤ እርጥበትን አያፍንም፤ ሻጋታም አይወደውም። የፋሲልን ግንብ ድንጋዮች አያይዞ ዘመናት ያሻገረው ኖራ ነው። ዛሬ አንድ ባለ ኮንዶሚኒየም «ግድግዳዬን ኖራ ቀባሁት» ቢል ዘመዶቹ ተሰብስበው የሚያጽናኑት ይመስለኛል።

ደግሞም ቤቱ በየዓመቱ ይጎበኛል። በጉራጌ አገር መስቀል ሲደርስ ሴቶቹ ቤቱን ከግድግዳ እስከ ወለል ይለቀልቁታል። በእጅ ነው የሚለቀለቀው። በእጁ የሚለቀልቅ ሰው የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጋ እንደራሰ በመዳፉ ያውቃል። በሩሎ የሚቀባ ሰው አያውቅም። (ሩሎ ይጥፋ አላልኩም፤ ከሩሎው በፊት እጅ ይቅደም ነው የምለው።)

በከተማውም የጭቃ ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ነፋስ ይከላከላል፣ አቧራ ይይዛል፣ ክፍሉንም ያፈካዋል። የእኔ ዘመን ልጆች ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ቀድመን ያነበብነው «አዲስ ዘመን» ነው፤ ያውም ግድግዳ ላይ። በራስጌዬ በኩል የነበረው ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ ነበር የማነበው። ያንን ጋዜጣ የለጠፈው ሰው እንግዳ ምን ይለኛል ብሎ አልነበረም፤ እኛን እንዳይበርደን ብሎ ነበር።

«ታዲያ ውበት ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እሱን ሐረር ሂድ እለዋለሁ። ጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት የድሮ የሐረሪ ቤቶች አንዱ ገብተህ ተቀመጥ። መደቡ በቀይ ተቀብቷል፤ ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ የስፌት ሥራ በየዓይነቱ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ራሱ እየጎደጎደ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ከፍና ዝቅ ያሉት መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። እንግዳ ሲያየው አፉን ይከፍታል። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ለእንግዳ ብቻ ተብሎ የተንጠለጠለ ነገር ፈልጌ ለማግኘት ተቸግሬአለሁ። ስፌቱን የሰፉት የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ቀዩ ቀለም የቤቱ ታሪክ ነው፤ ጉድጓዱ የቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ውበት እንዲህ ሲሆን ማን ይጠላል? የእኛን የፎም ጡብ ግን እስኪ ምን ታስታውሰናለህ በሉት።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ቤት ሲታደስ የድሮው ቀለም ይፋቃል። በሩ፣ መስኮቱ፣ የድሮው ባለ ዘይት ቀለም ግድግዳ በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው ቤቱን ይሞላዋል። በዚያ አቧራ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም (እሱ እንኳ ስሙ ነው እንጂ እርሳስ የለበትም)፤ ብረቱን ነው። በተለይ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የሚበዛባቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። አገራችንም ዝም አላለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ግን ገበያ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ይቆጣጠር ይሆናል እንጂ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በራችን ላይ የተቀባውን መጥቶ አይፍቅልንም። የምንፍቀው እኛ ነን። የምንፍቀው ደግሞ ልጅ ወለሉ ላይ እየዳኸ፣ የእንጀራው ሞሰብ ክፍት እንደሆነ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዞ፣ ግድግዳውን ውሃ እየነካኩ መፋቅ፣ ልጆቹን ለዚያ ሰሞን አክስታቸው ቤት መላክ ስንት ብር ያስወጣል?

የሚፍቀው ልጅስ? ከገጠር የመጣ የ18 እና የ20 ዓመት ወጣት ነው ብዙውን ጊዜ። አፉን በሻርፕ ሸብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ስቱኮ ያለሰልሳል፤ ማታ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የኳርትዝ ደቃቅ አቧራ ሳንባ ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ቆይቶ ነው የሚያሳስለው። በቀለሙ ቆርቆሮ ዋጋ ላይ ሰዓታት የሚከራከር አባወራ ለዚህ ልጅ ደህና የአፍ መሸፈኛ ግዛለት ቢባል «እሱ ለምዶታል» ይላል። ሳንባ ለምዶት አያውቅም።

ስለ አከራዮች ብዙ አልልም፤ በቀለም ሰበብ ኪራይ ሲጨመርበት የኖረ ሰው ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪን ሥርዓት ሊያስይዝ ሞክሯል፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ቆርቆሮ ቀለም የደረቀ እንደሆነ ኪራዩ አብሮት ይወጣ ነበር። የሚያፈሰው ቧንቧ እንደሚያፈስ ነው።

ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው፤ ከተማውም ያስተማረን ይኸንኑ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸው እንዲታደስና እንዲቀባ ሆነ፤ ማታ ማታም መብራት ለብሰው ያበራሉ። ያምራሉ፤ አላምርም አላልኩም። ግን እባካችሁ አንድ ቀን ከመኪና ውረዱና ከሕንፃው ጀርባ ዞር በሉ። ሰው ልብስ የሚያሰጣበት፣ የፍሳሽ ቱቦው የሚንጠባጠብበት፣ የልጆች መኝታ መስኮት የሚከፈትበት ያ ጀርባ ስንቱ ጋ ቀለም ደረሰው? ከተማው ሳሎኑን ቀብቶ ጓዳውን ሲተው ያየ አባወራ ከየት ሌላ ወግ ይማር?

ስለዚህ የማሳስበው ከባድ ነገር አይደለም። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት የየክፍሉን ግድግዳ ከታች በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ በክረምትም በበጋም። እርጥብ ከሆነ የቀለሙ ገንዘብ መጀመሪያ ለቧንቧ ሠራተኛውና ለአሸንዳው ይክፈል። ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤት «እትዬ፣ መታጠቢያ ቤትዎ ወደኛ ያፈሳል» ማለት ያሳፍራል ብላችሁ አትሸሹ፤ ዓመት ሙሉ ከመታመም ይቀላል። ነጋዴውን ቆርቆሮው ላይ እርሳስ የለበትም የሚል ጽሑፍ አሳየኝ በሉት፤ ከሳቀባችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ «ከየት ልጀምር?» ሲላችሁ የልጆቹን ክፍል አሳዩት። ክርስትናው ቅዳሜ ከሆነም ሆነ፤ እንግዳው በድሮው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ዶሮውን ይብላ።