መስመሩ ሲሰመር

ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ወደብ ላይ ለአንድ ታንኳ ቀዛፊ አዛውንት የሳቸው ፎቶ የወጣበትን መጽሔት ሰጠኋቸው። ባሕር ዳር ሆነን ብዙ የደከምንበት ሽፋን ነው። ራቅ ቀረብ አድርገው አዩትና «ፀሐይ በደልጊ በኩል መውጣት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ለካ ገጹን ያቀናበረው ባልደረባችን የታንኳው አፍንጫ ወደ ርዕሱ እንዲያይ ብሎ ፎቶውን ግራ ቀኙን ገልብጦታል። ምሥራቁ ምዕራብ ሆኖ ሲታተም አርታኢውም፣ አራሚውም፣ እኔም አላየነውም።

እኛ የመጽሔት ሰዎች «አሳታፊ ንድፍ» ስንል ብዙ ጊዜ ያለቀ ገጽ ለሰው አሳይቶ «እንዴት ነው?» ማለታችን ነው። ይህ ምርቃት መቀበል እንጂ አብሮ መሥራት አይመስለኝም። ጥያቄው መስመሩ ሲሰመር ማን ነበረበት ነው።

ብራና ላይ ከቀለም በፊት ወስፌ ይቀድማል። ዳሩ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም ይሰመራል። ጽሑፉ ስንት ዓምድ እንደሚሆን፣ ኅዳጉ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያኔውኑ ተወስኗል። ጸሐፊው፣ ሰዓሊውና ደጓሹ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ለሌላው ስፍራ ካልተወ ግን መጽሐፍ አይወጣም። ለአስጻፊው ስም እንኳ ባዶ ቦታ የሚተውበት ጊዜ አለ፤ በኋላ በቀይ ቀለም ይሞላል።

ባዕድ ነገር ሲመጣም ወሳኙ ይኸው ነው። ጎርጎራ የንጉሥ ሱስንዮስ መቀመጫና የኢየሱሳውያን መናኸሪያ ነበረች፤ የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ሥዕል ግልባጭም በእነሱ በኩል አገራችን ገባ። የእኛ ሰዓሊዎች የተጣመሩትን እጆችና የተዘረጉትን ጣቶች ጠበቁ፤ በግራና በቀኝ ግን ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ ብሩሹ በእኛ ሰው እጅ ነበርና። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የተሞላችው የጎርጎራዋ ሣር ክዳን ደብረ ሲና ማርያም የዚያ ዘመን እጅ ምን ያህል እንደተባ ዛሬም ታሳያለች።

ተቃራኒው ሮማ ላይ ደርሷል። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትሙ አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፤ እሳቸው ደግሞ የኅትመት ሥራ አያውቁም። ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁት ይህንኑ ምክንያት አድርገው ነው። ቢሆንም መጽሐፉ ወጣ፤ እኔን የሚቆጨኝ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ አለመማራችን ነው።

ዛሬ የምንገለገልበት ቴምፕሌት ለላቲን ፊደል የተሰፋ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለሌለው ጽሑፍ ርዕሱን በትልልቁ ጻፍ ይላል። ለማጉላት ፊደሉን ያጋድመዋል፤ የእኛ ፊደል ሲጋደም ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። ፊደላችን ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ ይጠቁራል። አራት ነጥቡ ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ የሚቀጥለው መስመር መነሻ ላይ ብቻውን ቁጭ ይላል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳረምኩት! የብራና ጸሐፊ ግን ቃል ለመለየት ቀይ ቀለም ነበረው፤ ያውም ባለ ሁለት ቀለም ማተሚያ የሚችለውን።

«ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ መጽሔቱ መቼ ይወጣል?» የሚል አዘጋጅ እውነት አለው፤ ይዘገያል። ገጽም በድምፅ ብልጫ አይሠራም፤ የመጨረሻውን ቃል አንድ ሰው መናገር አለበት። እኔ የምጠይቀው ረቂቁ በእርሳስ ሳለ ፊደሉን የሚያውቅና ሐይቁን የሚያውቅ አጠገቡ እንዲቀመጡ ነው።

ለሚቀጥለው እትም ረቂቅ ገጾቹን ይዤ ጎርጎራ ተመለስኩ። አዛውንቱ ፀሐይዋ በቦታዋ መሆኗን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከፎቶው ሥር «የጣና ታንኳ ቀዛፊ» የሚለውን አስነበቡኝና «ስሜስ?» አሉ። ዓምዱ እስከ ጠርዙ ሞልቶ ነበር፤ የምጽፍበት ስፍራ አጣሁ።