ከወርሃዊ ክፍያ ወደ ነፃ ዲሽ፤ የመንዝ ጣሪያ የያዘው ሒሳብ

መሐል ሜዳ ከተማን ከፍ ካለ ሥፍራ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ነጋዴ የቆርቆሮው ጣሪያ ራሱን የቻለ የገበያ መረጃ ነው። አንዳንዱ ዲሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ እንዳዞረ ዝጎ ቀርቷል፤ ይህ የናይልሳት ዘመን ትራፊ ነው። ሌላው ከአናት በላይ ያለውን ሰማይ የሚያይ ይመስል ቀና ብሏል፤ እሱ በየወሩ የሚከፈልበት የዲኤስቲቪ ዲሽ ነው። ሦስተኛው ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ኢትዮሳትን ይጠብቃል፤ ለእሱ በየወሩ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚሻገር ቤተሰብ በታየ ቁጥር ብዙ ሰው "ድህነት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የድህነት ሳይሆን የሒሳብ ነው፤ ያውም ትክክለኛ ሒሳብ።

በአሜሪካ ሰዎች የኬብል ደንበኝነታቸውን እየሰረዙ በጣሪያ አንቴና ነፃ ሥርጭት ወደ ማየት የተመለሱት በተለይ የአገሪቱ ዋና ዋና ጣቢያዎች በሰኔ 2001 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ከተሸጋገሩ በኋላ ነው። ሥዕሉ ጠርቶ ነፃ ሲሆን ለኬብል መክፈል ለብዙዎች ትርጉም አጣ። በኢትዮጵያ ቤት ለቤት የተዘረጋ የቴሌቪዥን ኬብል የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። የእኛ አገር "ኬብል" የክፍያ ሳተላይት ነው፤ የእኛ አገር "የጣሪያ አንቴና" ደግሞ ነፃው ዲሽ ነው።

ዝውውሩ ቀላል ነው። ዲሹ አይለወጥም፤ ብዙውን ጊዜ ኤልኤንቢውም አይለወጥም። ዲሽ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ብሎኑን ያላላል፣ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ አንሥቶ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያዞረዋል። ከታች ሆኖ ቴሌቪዥኑን የሚያይ አንድ ልጅ "መጣ! መጣ! ሄደ!" እያለ ይጮኻል። ዲኮደሩ ተነቅሎ በምትኩ ነፃ ሪሲቨር ይገባል፤ ሠራተኛው 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 ብሎ ይሞላና ፍለጋውን ያስጀምራል። ከዚያ በኋላ የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው ጣቢያ በተርታ ይደረደራል።

ይህ የሆነው ኢትዮሳት የተሰኘው መድረክ በ2012 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ጣቢያዎቹን ኤንኤስኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ ሰበሰባቸው። ከዚያ በፊት ኢቢኤስንም ሆነ በ2008 ዓ.ም. የጀመረውን ቃናን የፈለገ ሰው ዲሹን ወደ ምዕራብ፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ወዳለው ናይልሳት ያዞር ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው ልዩነቱ የዲሽ አቅጣጫ ብቻ ነው። ለመርሐቤቴ ሰው ግን ከዚያ በላይ ነው። ናይልሳት ከእኛ ደጋ ሲታይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ የጀማንና የወንጭትን ገደል ተጠግቶ የሚኖር ቤተሰብ በስተምዕራቡ ግድግዳ የመሰለ ተራራ ከቆመበት ምልክቱን ያጣዋል። የኢትዮሳቱ ሳተላይት ደግሞ ወደ አናት ቀርቦ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ስለሚታይ ገደል ሥር ያለውም ያገኘዋል። መሬት ላይ የተተከለ የማሠራጫ ማማ ይህን ውለታ ሊውል አይችልም፤ ተራራው ሞገዱን ይመልሰዋልና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሒሳቡን መንገድ ለማሳየት ያህል ወርሃዊው ክፍያ 900 ብር ነው እንበል። በዓመት 10,800 ብር ይሆናል። ለነፃው ሪሲቨርና ለሠራተኛው 4,500 ብር ቢወጣ ወጪው በአምስት ወር ይመለሳል፤ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ያለው በኪስ የሚቀር ነው። ይህን ስሌት ማንም ይሠራዋል። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የደጋው ገቢ በወር አይመጣም። የመንዝ ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ገብሱ ሲወቃና በጉ ሲሸጥ ነው፤ በጉ ደግሞ ደህና ዋጋ የሚያወጣው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ነው። የከተማው ባለሱቅም ዱቤውን የሚሰበስበው ገበሬው ሲሸጥ ስለሆነ ከዚህ አዙሪት ውጪ አይደለም። ወርሃዊ ክፍያ ግን ለደመወዝተኛ የተሰፋ ልብስ ነው። በዐቢይ ጾም መካከል፣ የሥጋ ገበያ በተኛበት ወር፣ ሂሳቡ ያው ነው። አንድ በግ ሸጦ ዲሽና ሪሲቨር መግዛት ለደገኛው የሚገባ ግዢ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ፣ እንደ በሬ፣ አንዴ ወጥቶበት ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚበላ ዕዳ ግን በቤቱ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም። የክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ይህን ሳይረዱ ስለ "የመክፈል አቅም ማነስ" ሲያወሩ ይሰማል። ያነሰው አቅም ሳይሆን የገንዘቡ መምጫ ቀንና የክፍያው ቀን አለመገጣጠሙ ነው። (የዲኤስቲቪ ጥቅሎች "ጎጆ"፣ "ቤተሰብ"፣ "ሜዳ" ይባላሉ። ስሙ ከመሐል ሜዳ የተወሰደ ይመስላል፤ የክፍያው ሥርዓት ግን ከጆሐንስበርግ የመጣ ነው።)

በዚህ ላይ ምንዛሪው አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የኳስ መብትን በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ኩባንያ ዋጋውን በብር ሊያስተካክል መነሣቱ አይቀርም፤ ቀድሞም ቢሆን ጭማሪው ተደጋግሟል። የገበሬው በግም ዋጋው ጨምሯል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ግን በጉ በየወሩ አይወልድም።

አንድ ሌላ ነገርም ይታከል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሁኔታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛ ወሩ ሲሞላ በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል አለበት፤ ኔትወርክ ከሌለና መንገድ ከተዘጋ ገንዘቡ በእጁ እያለ ሥዕሉ ይጠፋበታል። ነፃው ዲሽ መብራት እስካለ ድረስ፣ ወይም አንዲት የፀሐይ ፓነል እስካለች ድረስ፣ የማንንም ኔትወርክ አይጠይቅም። ገበያ ያለበት ቦታ ደኅና ይሁን አይሁን ለማወቅ ዜና በሚያስፈልግበት ወቅት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ለክፍያው ወገን የቀረ አንድ ምሽግ አለ፤ ኳስ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐርስፖርት በአማርኛ መተላለፍ ጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አንሥቶ ለአምስት ዓመት በተፈረመ ውል ወደዚያው ገብቶ ነበር። ነፃው ዲሽ የእንግሊዙን ሊግ አይሰጥም፤ ይሰጣል ብሎ የሚሸጥ ሠራተኛ ካለ ደንበኛው ይጠንቀቅ። እናም በደጋው ከተሞች የሆነው ይህ ነው፦ ኳሱ ከመኖሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ወይም በራቤል አንድ ባለ ሻይ ቤት ይከፍላል፤ ጎረምሳው በበር ገንዘብ ሰጥቶ ወይም ሻይ አዝዞ ያያል። የወር ክፍያው ከቤተሰብ ወጪነት ወደ ንግድ ግብዓትነት ተለወጠ ማለት ነው፤ እንደ ስኳርና እንደ ከሰል። ባለ ሻይ ቤቱ ግን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ለመኖሪያ ቤት የተሸጠን ጥቅል በንግድ ቤት ማሳየት የውሉ አካል አይደለም። ገቢውን የሚያሰላ ሰው ይህንንም አደጋ አብሮ ያሰላው።

የክፍያው ገበያ ራሱም አልረጋም። ካናል ፕላስ በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለቀቀ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዲኤስቲቪን ባለቤት መልቲቾይስን ጠቅልሎ ያዘ። በፊት ለፊት በር የወጣው እንግዳ በጓሮ በር ባለቤት ሆኖ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ "ነፃ" የሚለው ቃል ነጋዴን ሊያታልለው አይገባም። ተመልካቹ ባይከፍልም ጣቢያው ለሳተላይቱ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል፤ ገቢው ግን ብር ነው። ያንን ብር የሚያመጣው ማስታወቂያ ነው፤ ከማስታወቂያውም ትልቁን ድርሻ ይዘው ከነበሩት መካከል ቢራ ፋብሪካዎች ይገኙ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ የጣቢያዎቹ ኪስ ሳሳ። የቀሩት ባንኮች፣ ሪል እስቴቶች፣ የሳሙናና የዳይፐር አስመጪዎች ናቸው። እነዚህ አስተዋዋቂዎች ገንዘባቸውን የሚያወጡት የአዲስ አበባን ተመልካች እያሰቡ ነው። ጓሳ ሥር ተቀምጦ የቦሌን አፓርታማ ማስታወቂያ በየምሽቱ የሚያይ የመንዝ ገበሬ ለእነሱ ከቁጥር የገባ ሰው አይደለም፤ ዲሹን ግን በገዛ ገንዘቡ ገዝቷል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ወደ ነፃው ዲሽ የሚሻገር ቤተሰብ ለክፍያው ኩባንያ የጠፋ ደንበኛ ነው፤ ለአስተዋዋቂው ግን የተገኘ ደንበኛ መሆን ነበረበት። የሚገዛው ዕቃ ይታወቃል፤ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የበግ መድኃኒት፣ የፀሐይ ፓነል፣ የላስቲክ ጫማ። የዚህ ዕቃ አስመጪዎችና አከፋፋዮች በመርካቶ ቁጭ ብለው ደላላ በመላክ ይሸጣሉ እንጂ ከምሽቱ ዜና በፊት ያለችውን ግማሽ ደቂቃ ሊገዙ ሲጠይቁ ብዙም አይታይም። ጣቢያዎቹም ቢሆኑ ሄደው "ገጠር ውስጥ ይህን ያህል ተመልካች አለን" የሚሉበት አሳማኝ ቆጠራ ይዘው አይቀርቡም። ቆጠራ በሌለበት ዋጋ የለም፤ ዋጋ በሌለበት ገዢ አይመጣም።

የዓለም ከተማ ነጋዴ ራሱ ያስተዋውቅ ቢባልስ? አይችልም። ሳተላይት ለአንድ ወረዳ ብቻ አይናገርም፤ በመርሐቤቴ ያለ ሱቅ እስከ ሞያሌ ለሚሰማ ማስታወቂያ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችል የነበረው የምድር ዲጂታል ሥርጭት ነበር፤ ማለትም እውነተኛው የጣሪያ አንቴና። በዓለም አቀፉ ስምምነት የአናሎጉ መዝጊያ ሰኔ 2007 ዓ.ም. ነበር፤ ኢትዮጵያ ቀኑን አልደረሰችበትም፤ እስክትዘጋጅ ድረስም ሕዝቡ በራሱ ገንዘብ ዲሽ ሰቀለ። ለደብረ ብርሃንና ለዙሪያዋ ብቻ የሚናገር አንድ የአካባቢ ጣቢያ ቢኖር ኖሮ የብርድ ልብስ አከፋፋዩም፣ የወፍጮ ባለቤቱም፣ የአውቶቡስ ማኅበሩም ደንበኛ በሆኑ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ለሪሲቨር ነጋዴው ገበያው ክፍት ነው። ጊዜውን ግን ይምረጥ፤ ዕቃው ደጋ መድረስ ያለበት ከገናና ከፋሲካ በፊት ነው፤ ክረምት ላይ ከባድ ዝናብና በረዶ ምልክቱን ሲያቋርጥ፣ ንፋሱም ዲሹን ከቦታው ሲያንሸራትት፣ ገንዘብ የሚያገኘው ሻጩ ሳይሆን ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ነው። ብልሁ ሠራተኛ የተነቀለውን የዲኤስቲቪ ዲኮደር አያስጥልም። በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ አዲሱ የኳስ ዘመን ሲጀመርና የቤቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ሲመጣ ለአንድ ወር ብቻ ተከፍሎ ይሠራል። ዲሹን መልሶ ለማዞርም የሚጠራው እሱው ነው።