ቁራሌው ባሕር ገባ

ከየካ ዋሻ ሚካኤል አፋፍ ቆመን ብናይ ባሕር አይታየንም። «ታዲያ ስለ ሰመጠ መርከብ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያገባናል! ኮተቤም ሆነ ፈረንሳይ «ቁራሌው!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ የለም። በዚህ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድገውን ወንድማችንን አንነካም፤ እሱ ደጅ ቆሞ፣ ጠይቆና ከፍሎ ነው የሚወስደው። የምንከሰው ሳይጠይቅ መቃብር የሚገባውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1942 በጃቫ ባሕር ውጊያ ደ ሮይተርና ጃቫ የተባሉ የሆላንድ የጦር መርከቦች በመቶ የሚቆጠሩ መርከበኞቻቸውን ይዘው ሰመጡ። በ2016 ጠላቂዎች ሲወርዱ ያገኙት አሸዋው ላይ የቀረውን ቅርጻቸውን ብቻ ነው። ብረቱን ሕገ ወጥ ብረት ለቃሚዎች እንደወሰዱት ይታመናል። አጥንቱስ? ማን ጠየቀ!

ሕግ የለም እንዴ? አለ። ዩኔስኮ በ2001 ያወጣው ስምምነት የውሃ ውስጥ ቅርስ ለንግድ እንዳይበዘበዝ ይከለክላል፤ ግን መቶ ዓመት ለሞላው ብቻ። እነዚያ መርከቦች እስከ 2042 መጠበቅ ነበረባቸው። ሌባው አልጠበቀም።

ብረት አይነሳ አንልም። በ1941 ጣሊያኖች ምጽዋ ወደብ ላይ መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰመጡ፤ በ1942 አሜሪካዊው ኤልስበርግ የሰመጠውን እያነሳ ወደቡን ለሥራ አበቃው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ወደብ መክፈትና ሬሳ መግፈፍ ግን ለየቅል ነው።

ይህን ልዩነት የማያውቅ ትውልድ የራሱንም መቃብር አይጠብቅም። የኛ የሰመጠ መርከብ የብስ ላይ ነው። በካራ በኩል ወጥተን ደብረ ብርሃንን ስናልፍ፣ መንዝ ውስጥ የዘረት ዋሻ አለ፤ አገሬው «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አርበኞችን ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝ ፈጅቶ፣ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ዶሚኒዮኒ ቦታውን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ነው። አጽሙ ግን ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ነበር።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ ወረቀት ግን ዘብ አይቆምም። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየአገራችሁ ያለውን የጦር ሜዳ፣ ዋሻና የተቃጠለ ታንክ መዝግቡ፤ ሽማግሌ ጠይቁ፤ እነማን እንደወደቁበት ጻፉ። ብረት ቆራጩ ከመድረሱ በፊት እርሳሳችን ይድረስ!