የቀን ሽያጭን ማን ለካው?

ሐምሌ ሲገባ ከአቦምሳ የመጣን ተማሪዎች ስልክ የሚጠራው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ግብር። አብዛኞቻችንን ያሳደገን ሱቅ ነው። ከመድረሳ መልስ ባንኮኒ ጀርባ ቆመን ስኳር እየመዘንን ነው ያደግነው።

አተማመኑን ለማያውቅ በአጭሩ እንንገር። ገማቾች ይመጣሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ ሁለት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የቀን ሽያጭ ይጽፋሉ። ያ ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀናት ይባዛል፤ ከዚያ ግብሩ ይወጣል። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ተባለ። ሐምሌ 2009 አዲሱ ግምት ሲነገር አምቦንና ወሊሶን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች መዘጋታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

እኛ ምህንድስና የምንማር፣ ያለ መሣሪያ የተወሰደ ልኬት ላብራቶሪ ብናስገባ ወረቀቱ ይመለስብናል። እዚህ ግን ገማቹ በቀን በ200 ብር ቢሳሳት፣ በ300 ቀን ተባዝቶ ያልተሸጠ የ60,000 ብር ሽያጭ ሆኖ ይመዘገባል። ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ሆኖም በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ይግባኝ ኮሚሽን ለመድረስ ከተከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። ጉሊት አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሮ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ይቆም ነበር። በጭነት ይቆረጥበታል፤ በአሞሌ ወይም ከዕቃው ይከፍላል፤ የገበያውና የኬላው ሹም ነጋድራስ ይባላል። ርስት የተከለከሉት ጀበርቲ ሙስሊሞች መተዳደሪያቸው ንግድ ስለነበር፣ በየኬላው ከሚቆሙት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። የድሬዳዋው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ራሱ ቀራጭ ሆኖ ሳለ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ጉምሩክ መስተካከል ጽፏል። ከውስጥ ያለ ሰው ሲናገር ክብደት አለው።

አሁን ወደ ራሳችን። ገማቾች መጡ ሲባል ዕቃ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሱቅ አለ። ይህን ስናግዝ አድገናል፤ ማመን ይሻላል። አንዳንዶች «ይህ ማክስ ነው፣ ከግፍ ቀረጥ መደበቅ ኃጢአት የለውም» ይላሉ። የፊቅሁን ብያኔ ለዑለማዎቻችን እንተወው። እኛ የምናየው ግን መደበቁ ገማቹን የበለጠ ተጠራጣሪ እንደሚያደርገው ነው። የደበቀው ሲቀነስለት ያልደበቀው ጎረቤቱ ይጨመርበታል። ሸቀጥ ሲመዝን ሱረቱል ሙጠፊፊንን የሚያስብ ነጋዴ፣ ሽያጩን ሲናገር ሊረሳት አይገባም። ገማቹም ቢሆን ያው ሚዛን ይመለከተዋል፤ በምን መነሻ ቁጥሩን እንደጻፈ ለነጋዴው በወረቀት መስጠት አለበት። ይህን መጠየቅ አመፅ አይደለም።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ደብተር ነው። ደረጃ «ሐ» ይባል የነበረው ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር፤ በመሆኑም አብዛኛው አይዝም። ገማቹ ሲከራከር ደግሞ ነጋዴው የሚያሳየው የለውም። በዚህ ክረምት ወደ ቤት የምንሄድ፣ በተለይ አካውንቲንግ የምትማሩ እህትና ወንድሞች፣ አንድ ወር ብቻ የየቀኑን ሽያጭ እንጻፍ። የገበያ ቀንና ተራ ቀን ለየብቻ፤ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ገማቹ በገበያ ቀን ከመጣ ምን እንደሚሆን ያኔ ይገባናል።

ከመካከላችን አንዱ አምና ሞክሮታል። አባቱ መጀመሪያ «ሚስጥራችንን ልትጽፍብን ነው?» ብለው ተቆጡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳይጠየቁ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። የዱቤውን ሒሳብ ብቻ እስካሁን በቃላቸው ነው የሚይዙት።