የተዋጠ ክኒን ወዴት ይሄዳል?

አንባቢ ሆይ! ራስህን ሲያምህ ክኒኑን ትውጥና ውሃ ትጠጣበታለህ፤ የቀረውን ነገር ለሆድህ ትተወዋለህ። በጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ግን ላይና ታች የለውም። የሰውነቱ ፈሳሽ ከእግሩ ወደ ደረቱና ወደ ራሱ ይሸሻል፤ ፊቱ ያብጣል፤ ጨጓራው የያዘውን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ጊዜም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካ ሊቃውንት ተጓዦቹ ፓራሲታሞል ከዋጡ በኋላ ምራቃቸውን በየጊዜው እያስቀመጡ መረመሩ። (በመርፌ ደም ከመቀዳት ምራቅ መስጠት እንደሚሻል ማን ይክዳል?) ውጤቱም ከሰው ሰው፥ ከበረራው ቀን ወደ ቀን የተለያየ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩ የሩቅ እንዳይመስልህ። መካነ ኢየሱስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ዓይነት ክኒን ቢውጡ፥ አንዱን ሊያሽለው ሌላውን ሊያደነዝዘው ይችላል። ምሥጢሩ በጉበት ነው። ጉበት መድኃኒትን ከሚፈታባቸው ኤንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል፤ ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል። ኮዴይን የተባለውን የሕመምና የሳል መድኃኒት ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይህ ነው። ኤንዛይሙ የሰነፈበት ሰው ኮዴይን ቢወስድ ሕመሙ አይለቀውም፤ የበረታበት ግን ሞርፊኑ በአንድ ጊዜ ይበዛበትና ትንፋሹ እስኪዳከም ሊያደርሰው ይችላል።

እንግዲህ አስተውል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና በስዊድን አገር የሚገኙ ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት፥ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ የዚህ ኤንዛይም ጂን ተደራርቦ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2013 ቶንሲላቸው ለወጣ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ጽኑ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፥ እንዲህ ባለ ፈጣን ጉበት ምክንያት የሞቱ ልጆች በመገኘታቸው ነው። ካለፈው ሳልህ የተረፈውን ሽሮፕ ለጎረቤት ልጅ የምታካፍል ደግ ሰው ከሆንህ፥ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብባት።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የ2002ቱ ጥናት ነው። በአገር ቤት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፥ ተመሳሳይ ጂን ይዘው በስዊድን ከሚኖሩት ወገኖቻቸው ይልቅ የዚህ ኤንዛይም ሥራ ዝግ ያለ ሆኖ ተገኘባቸው። ምግቡ ይሁን ሌላ፥ ብቻ የኑሮ ቦታ ጉበትን ያሠለጥናል። በአውሮፕላን የሚደረስበት ስቶክሆልም ይህን ካደረገ፥ ወራት የሚፈጀው የማርስ መንገድ ምን ያደርግ ይሆን? መድኃኒቱም ራሱ አይጠበቅም፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 28 ወር ከቆዩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ምድር ላይ ከቀሩት አቻዎቻቸው ቀድመው ኃይላቸው ደክሞ ተገኝቷል። መንገደኛው ሐኪም ልጠይቅ ቢል እንኳ፥ ጥያቄው ከማርስ ተነሥቶ ምድር እስኪደርስ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል።