አውፍ ስንል ምን ላይ እንደምንፈርም እንወቅ



ባለፈው ሴሚስተር ከጁምዓ በኋላ ዚያራ የሄድንለት ሰው የአንድ የጀመዓችን አባል ታላቅ ወንድም ነው። ግንበኛ ነው። ከሥራ ሲወጣ አይሱዙ ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። እኛ ስንደርስ ሽማግሌዎች አልጋውን ከበውታል። ባለመኪናው የራጅና የመድኃኒት ወጪ ሸፍኖ፣ ጥቂት ብር ጨምሮ፣ «የአላህ ቀደር ነው፣ አውፍ በለን» ብሎ ወረቀት አቀረበ። ወንድማችን ፈረመ። እኛም ዱዓ አድርገን፣ ደስ ብሎን ወጣን።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሥራ አልገባም። ሦስት ልጆች አሉት፤ ለወንድሙ የኪስ ገንዘብ የሚልክለትም እሱ ነበር። ሰደቃ ሰብስበናል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን የአምስት ወር የቀን ሒሳብ በሰደቃ አይሞላም።

አውፍ ማለት ትልቅ ምንዳ ያለው ነገር ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ወረቀቱ ግን ቂም የለኝም ብቻ አይደለም የሚለው፣ ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ የለኝም ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለውን የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚያየው። ቂምን መተው የተጎጂው ነው፤ የልጆቹ ቀለብ ግን የልጆቹም ሐቅ ነው።

ያው የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋል። ካሳውም ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ የቀረ ገቢ ከሕክምና ወጪ ጋር አብሮ ይጠየቃል። በአዋጅ 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። መድኑ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ቀሪው ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ላመለጠም የመድን ፈንድ አለ። ክሱ ግን በመርሁ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

አንዳንድ ወንድሞች «የመድን ገንዘብ ሐላል ነው ወይ?» ይላሉ። የመድን ውል ሑክም የኡስታዞቻችን ጉዳይ ነው። ነገር ግን ተጎጂው ውሉን አልገባም፤ የሚጠይቀው የተበላሸበትን ነው።

«የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ደመወዜን በምን አስረዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። የጉዳቱ ልክ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ቢሆንም ባዶ እጅ አይኬድም። ሳይት የወጣን ሁላችን እናውቃለን፤ ፎርማኑ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ደብተር አለው። ማን ስንት ቀን እንደገባ፣ በስንት ብር እንደሠራ ተጽፏል። ያንን ፎቶ ማንሳት፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና የሐኪሙን የእረፍት ወረቀት መያዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በመድረሳ ቁጭ ብለን እንደተማርነው የቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ ነው። እኛ ግን ሆስፒታል ሙዝና ጁስ ይዘን እንጂ እስክሪብቶ ይዘን አንሄድም።

ስለዚህ የዚያራ ኮሚቴው ከሕግ ትምህርት ክፍል ሁለት ልጆች እንዲጨምር፣ ወረቀት ከመፈረሙ በፊትም እንዲያነቡት ለሹራ አቅርበናል።

ወንድማችንን ይዘን ጠበቃ ዘንድ ሄደን ነበር። መጀመሪያ የጠየቀን የፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል ነው። ኮፒው በእጃችን የለም።